ወይዘሮ ክራብትሪና ቡናማው በራድ

እንግሊዝ አገር ውስጥ፣ ጣሪያው የሚያፈስም ይሁን ትናንት ቀለም የተቀባ፣ የበራድ ጠባቂ የሌለው የሰፈር አዳራሽ አይገኝም። ጠባቂዋ ከሰባ ዓመት ያለፈች፣ አበባ አበባ ሽርጥ ያገለደመች ሴት ናት። ማንም አልመረጣትም፤ ማንም አልሾማትም፤ ሊሽራት የሚደፍር ግን ገና አልተወለደም። ጠቅላይ ሚኒስትር ይመጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሄዳል፣ እሷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ንቅንቅ አትልም።

የኛ የኦክስቢ መንደር ጠባቂ ክብርት ወይዘሮ ማቪስ ክራብትሪ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአዳራሹን ሻይ ሲቀዱ ኖረዋል። በእኛ አገር በራድ ያነሳ ሰው ከመቅዳቱ በፊት «እናት እኔ ልሁን?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጡረተኛ ሻምበልም ቢሆን እንዲሁ ይላል። ወይዘሮ ክራብትሪ ግን መጠየቁን አያውቁበትም። «እናት እኔ ነኝ» ይሉና መቅዳት ይጀምራሉ።

በራዱ ቡናማ ሸክላ ነው፤ ሃያ ስኒ ይይዛል፤ በሁለት እጅ ካልሆነ አይነሳም። ቀይ የሱፍ ሹራብ አለው፤ እሳቸው ናቸው የሠሩለት፤ ከብዙዎቻችን የተሻለ ይለብሳል ማለት ይቻላል። ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ወጥ ቤቱን ባይረግጥ ይሻለዋል። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ይገባና በራዱ እንደ ሕፃን ተወዝውዞ ይሞቃል፤ ውሃው ይደፋል። ከዚያ ሻይ ቅጠሉ በማንኪያ እየተለካ ይጨመራል፤ በመጨረሻም አንድ ማንኪያ ትርፍ፣ «ለበራዱ» ተብሎ። አንድ ጊዜ በራድ ማንኪያ ሻይ ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተ ሥራ ውለህ ምሳ አትበላም?» አሉኝ።

ሌላም አለ፤ ዋናውም እሱ ነው። ያ በራድ ሳሙና ነክቶት አያውቅም። ሻዩ ሲያልቅ በሙቅ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይገለበጣል፣ በቃ። ውስጡ የሠላሳ አንድ ዓመት ሻይ ጠጥቶ እንደ ጭስ ማውጫ ጠቁሮ ነበር።

ሰውን ደግሞ የሚመዝኑት በወጥ ቤት ዕቃ ነው። አገሩ በሙሉ ትንሽ ትንሽ እንዲህ ያደርገዋል፤ የሚረሳውን ሰው ወንፊት ይለዋል፣ ሳይለፋ ያገኘውን በሳህን ቀረበለት ይለዋል። ወይዘሮ ክራብትሪ ግን መደርደሪያውን እንዳለ አራግፈው ነው የሚናገሩት። የግብር ቢሮው ጸሐፊ «መፈቅፈቂያ» ነው፤ አንዴ ያለፈበት ሰው ቆዳው ይላጣል። እህቴ ዶሪን «ማማሰያ» ናት፤ እሷ ባለችበት ሰፈር የሐሜት ድስት ሥሩ አያርም። የአዳራሹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሮውላንድ ፒክ ትልቅ ድስት ነው። «ክዳኑን ስትከፍተው ሁለት ድንች» ይላሉ። ዓለም ተናወጠ ቢሏቸው «ማዕበሉ ከስኒው አይወጣም» ብለው ብስኩት ይደረድራሉ።

እኔን ያወጡልኝ ስም «የቅቤ ቢላ» ነው። ትርጉሙን ስጠይቃቸው ወደ ላይ ወደ ታች አዩኝና «አይቆርጥም» አሉ፤ ትንሽ አሰቡና «ማንንም ግን አድምቶ አያውቅም» ብለው ጨመሩልኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳውን ፖስታ ሳድል ኖሬያለሁ፤ ከዚያ የተሻለ የምስክር ወረቀት የሰጠኝ መሥሪያ ቤት የለም።

ጳጳሱ የታደሰውን ጣሪያ ሊባርኩ የመጡ ቀን እኔም ነበርኩ። ትሑት ሰው ናቸው፤ ትሕትናቸውን ለማሳየት ብድግ ብለው በራዱን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ። ወይዘሮ ክራብትሪ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አባታችን፣ እኔ መስቀልዎን ነክቼብዎታለሁ?» አሏቸው። ጳጳሱ ተቀመጡ። ሻያቸው ሲመጣ ልክ እንደሚወዱት ሆኖ ነበር፤ ወይዘሮዋ ከየት እንዳወቁት እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

የሰውን ሻይ ማወቅ ተሰጥኦአቸው ነው። አርባ ሰው ቢቀመጥ አርባውን ያውቃሉ። ሮውላንድ ወተቱ መጀመሪያ ካልገባለት አይጠጣም። ዶሪን ሐኪም የከለከላትን ሦስት ስኳር ትጠይቃለች፤ እሳቸው ሁለት ይጨምሩና ሦስት ጊዜ ያማስላሉ፤ እሷም «አሁን ገና ሻይ ጠጣሁ» ትላለች። የእኔ ቀጭን ነው፤ «የዕቃ እጣቢ» ነው የሚሉት፤ ግን ቀጭን አድርገው ያመጡልኛል።

ባለቤቴ ግዌን ያረፈች ሳምንት፣ ቤት መዋሉ ቢያስጠላኝ ሐሙስ ዕለት ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ሰዉ ሁሉ ምን እንደሚለኝ ግራ ገብቶት ጫማውን ያያል። ወይዘሮ ክራብትሪ መጥተው ፊቴ ስኒ አስቀመጡ። ቀመስኩት፤ ጥቁር ነው፤ ሁለት ስኳር አለበት።

«እኔ እኮ ስኳር አልጠጣም» አልኩ።

«ዛሬ ትጠጣለህ» ብለውኝ ሄዱ። ጠጣሁት። በዚያ ሳምንት ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ ጉሮሮዬን ያለፈው እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው በየካቲት ወር ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ በረዶ አዳልጧቸው የቀኝ እጃቸው አንጓ የተሰበረው።

ሮውላንድ በሳምንቱ አንድ የሚያብረቀርቅ ጋን ይዞ መጣ። በኤሌክትሪክ ይፈላል፤ ከታች ቧንቧ አለው፤ ቧንቧውን ስትከፍት ሻይ የሚመስል ነገር ይወርዳል። ከጋኑ ጋር የወረቀት ኩባያዎች መጥተዋል። «ለጊዜው ነው» አለ። የሮውላንድን «ለጊዜው» እናውቀዋለን፤ ለጊዜው ብሎ ያስቀመጠው የተሰበረ ወንበር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

የወረቀት ኩባያዋን ይዤ እጄ ሲቃጠል አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ፣ «በራዱ እያለ በቧንቧ አልጠጣም፤ እሳቸው እስኪሻላቸው እኔ እቀዳለሁ» አልኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። የቅቤ ቢላ በሕይወቱ ተጨብጭቦለት አያውቅምና ጭብጨባው ራሴ ላይ ወጣ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከማንም ቀድሜ ሄድኩ። ክዳኑን ሳነሳ ውስጡ ያ ጥላሸት! ሳሙና እንደማይነካ ሰምቼ ነበር፤ አልክድም። ግን እኔ ቤቴ ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለች የሻይ ከረጢት ኩባያ ውስጥ የምነክር ሰው ነኝ፤ ነገሩ የአሮጊቶች ወግ ነው የመሰለኝ። «ሲመለሱ አዲስ ሆኖ ቢጠብቃቸው እንዴት ደስ ይላቸዋል» ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሳሙና፣ ሶዳ፣ የድስት መፈተጊያ ሽቦ። እያፏጨሁ አርባ አምስት ደቂቃ ፈተግሁት። ስጨርስ ውስጡ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ሆነ።

ዶሪን ትሪ ይዛ ገባች። አየችው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠች፤ እህቴ ጮሃ ሳይሆን ዝም ብላ ስትቆጣ ነው የምፈራት።

«ክላይቭ፣ ምን አደረግህ?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

ሽቦውን አሳየኋት።

«በቁማቸው ቀበርካቸው» አለች። «የሠላሳ አንድ ዓመት ሻይ! ሴትዮዋ ይሄን አይተው ከሞቱ በአንተ ነው!»

«ለማን ልትነግሪ ነው?»

«ለማንም» አለች። ማማሰያዋ እህቴ ለማንም አልናገርም ስትል ያን ጊዜ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ የገባኝ።

መላ ተባለና በራዱን ቤቴ ወሰድኩት። ሰባት ሳምንት ሙሉ ከሐሙስ በስተቀር በየቀኑ ድፍድፍ የመሰለ ሻይ አፈላበትና ሳልደፋው ይውላል፣ ያድራል። ወጥ ቤቴ የሻይ መጋዘን ሸተተ። የጎረቤቴ ድመት እንኳ በመስኮት እያየች አዘነችልኝ። ሰባት ሳምንት ለፍቼ ሮዙ ወደ ገለባ ቀለም መጣ፤ ያም በፀሐይ ሲያዩት ነው።

በዚህ መሀል ወይዘሮ ክራብትሪን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። እጃቸው በጀሶ ታስሮ፣ በአበባ ሻሽ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ገና ኮቴን ሳላወልቅ ያዙኝ።

«ማን ነው የሚቀዳው?»

«ለጊዜው እኔ ነኝ።»

«የቅቤ ቢላ ሻይ ቀዳ በሉኛ! በራዱን ታሞቃለህ?»

«አሞቃለሁ።»

«የበራዱንስ ማንኪያ?»

«እሱንም።»

«ዶሪን ሦስት ስኳር ብትልህስ?»

«ሁለት ጨምሬ ሦስቴ አማስላለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከእሳቸው ይህ ሽልማት ነው። ቀጥለው «ደኅና ነው ግን? በራዱ?» አሉኝ። ሰው ስለ ታመመ ዘመድ የሚጠይቅበት ድምፅ ነበር።

«በጣም ደኅና ነው» አልኩ። ነገሩን ለማስቀየስ ብዬ፣ «ከፋሲካ በኋላ ጀሶው ሲወጣልዎት ይምጡ እንጂ። ባይቀዱም ግድ የለም፤ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«መቀመጥ?» አሉ። ቃሉን ሰምተውት የማያውቁ ይመስል ደገሙት። «ተቀምጬ ምን ልሠራ? ስማ ልጄ። ሮውላንድ ያንን ባለ ቧንቧ ጋን ለዘለቄታው ሊያስገባ ድምፅ ሊያሰጥ ነው አሉ። ካስገባው በራዱን ቁምሳጥን ውስጥ ክተቱት፤ እኔንም አትጠብቁኝ። ሰው ከቧንቧ ሲጠጣ ለማየት እግሬን አላነሳም።»

ቀልድ አልነበረም። ባላቸው ካረፉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ከሐሙስ በቀር ያሉትን ስድስት ቀናት የሚያወሩት ከሬዲዮናቸው ጋር ነው። ሐሙስ ከተወሰደባቸው ምን እንደሚቀራቸው እያሰብኩ ከቤታቸው ወጣሁ።

ሮውላንድን ለመውቀስም አልተመቸኝም። «ክላይቭ፣ ሴትዮዋ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው» ይለኛል። «ያንን ያህል የፈላ ውሃ በዚያ እጅ ቢያፈሱትና ሰው ቢቃጠል ማን ይጠየቃል?» ትልቁ ድስት ውስጥ ለካ ሦስተኛ ድንች ነበረች፤ ይህን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ከፋሲካ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሐሙስ ሆነ። አዳራሹ ሞልቷል። ጋኑ ጥግ ላይ ቆሞ ይንሾካሾካል። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተና ወይዘሮ ክራብትሪ ገቡ። ማንንም ሰላም አላሉም። በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት አልፈው ሽርጣቸውን በግራ እጃቸው ለማሰር ታገሉ፤ ዶሪን ሮጣ አሰረችላቸው። ቀዩን ሹራብ ገለጥ አደረጉ። ክዳኑን አነሱ።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ፊታቸውን አላየሁም፤ ጀርባቸውን ነው ያየሁት፤ ጀርባቸው ግን በቂ ነበር። ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ።

«ማን ነው?» አሉ፣ ሳይዞሩ።

እጄን አወጣሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

«በምን?»

«በሳሙና። በሶዳም። በ... ሽቦ።»

ዞረው አዩኝ። «እኔ የቅቤ ቢላ መስለኸኝ ነበር» አሉ። «ለካ ሽቦ ነህ።»

ወደ በራዱ ተመለሱ። አሞቁት፣ ለኩት፣ የበራዱንም ማንኪያ አልረሱም። ውሃው ገባ። ሲደርስ በሁለቱም እጃቸው ይዘው አነሱ፤ ወጥ ቤቱን ተሻግረው አዳራሹ ድረስ፣ ትልቁ ጠረጴዛ ጫፍ ድረስ አደረሱት። «እናት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር። በራዱ አዘነበለና የመጀመሪያው ስኒ ግማሽ ሳይሞላ የቀኝ እጃቸው ከዳቸው። ሻዩ በነጩ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ። ማንም አልተቃጠለም። ግን ሁሉም አየ፤ ሮውላንድም አየ፤ እሳቸውም ሮውላንድ ማየቱን አዩ።

በራዱን አስቀመጡት። አጠገባቸው ባዶ ወንበር ነበር። ተቀመጡ። በዚያ አዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ቆመው ከማውቃቸው ሴትዮ በጣም ያነሱ ነበሩ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የረጠበውን ጨርቅ ያያሉ። ያን ጊዜ ብዙ ሳላስብ በራዱን አነሳሁ።

«ዛሬ እናት እኔ ልሁን?» አልኩ። ሰው ይስቃል ብዬ ነበር፤ አንድም ሰው አልሳቀም።

የመጀመሪያውን ስኒ በእሳቸው ፊት አድርጌ ቀዳሁ። የወተቱን ጆግ አነሳሁና እጄ አየር ላይ ቀረ። ወተት ይፈልጋሉ? ስንት ስኳር? ዶሪንን አየኋት። የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው ናት፤ ትከሻዋን ሰበቀች። ሮውላንድን አየሁት፤ ዓይኑን ሰበረ። በጠረጴዛው ዙሪያ አርባ ሰው አለ፤ የአርባውን ሻይ እሳቸው ያውቃሉ፤ የእሳቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ።

«ወይዘሮ ክራብትሪ» አልኩ፣ «ሻይዎን እንዴት ነው የሚጠጡት?»

 ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው የምር አሰቡ።

«እንጃ» አሉ። «እኔ የተረፈውን ነው የምጠጣው። ሁላችሁም ስትጨርሱ፣ ዕቃ እያጠብኩ፣ ቆሜ። ቀዝቃዛ ነው። ወተት ከተረፈ በወተት።»

ለመማረር አልነበረም የተናገሩት፤ ስለ ተጠየቁ ብቻ ነው የመለሱት። እኔ ግን አፈርኩ። አርባ ሰው አብሮ ሲያፍር ድምፅ አለው፤ የስኒ መንቀጭቀጭ ድምፅ ነው።

ሮውላንድ ፒክ ተነሳ። ድምፅ ሊያሰጥ ነው ብለን ጠበቅን። ወደ ጥጉ ሄደና ጋኑን ከሶኬቱ ነቀለው፤ አቅፎም ወደ ዕቃ ቤት ወሰደው። ሲመለስ «ቦታ ይዞብን ነበር» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። የድምፁ ጉዳይ እስከ ዛሬ ቃለ ጉባኤው ላይ «በይደር» ተብሎ ተቀምጧል።

ወይዘሮ ክራብትሪ ስኒውን በግራ እጃቸው አንስተው ቀመሱ። ሁላችንም እናያቸዋለን። አጣጣሙት።

«ሳሙና ሳሙና ይላል» አሉ። ጠጥተው ጨረሱትና ስኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እስቲ ድገመኝ። ትንሽ ጠቆር አድርገው፤ እጣቢህን ለራስህ።»

አሁን ሐሙስ ሐሙስ በራዱን የምሸከመው እኔ ነኝ። እሳቸው ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ያዝዙኛል፤ «ዘቅዝቀው!»፣ «አትቸኩል!»፣ «ያ የሮውላንድ ነው፣ ወተቱ መጀመሪያ!» እያሉ ቆመው ይቀዱ ከነበረበት ዘመን የበለጠ ይጮኻሉ። የራሳቸውን ሻይ ለማግኘት ሦስት ሐሙስ ፈጀብን፤ በስኳር ሞከሩ፣ ያለ ስኳር ሞከሩ፣ አንድ ቀን በሎሚ ሞክረው ሎሚውን ያመጣውን ሰው ሰደቡ። አሁን አዳራሹ በሙሉ ያውቀዋል፤ ጠቆር ያለ፣ ወተት ጠብታ፣ ስኳር አንድ ተኩል፤ የመጀመሪያው ስኒ የእሳቸው ነው።

በራዱ በጣም ቀስ እያለ እየጠቆረ ነው። እንደ ድሮው እስኪሆን ሠላሳ አንድ ዓመት ይፈልጋል ብለውኛል፤ እስከዚያ በሕይወት ቆይተው ሊጠብቁኝ እንደሆነም ነግረውኛል። ሰው ሁሉ ጠጥቶ ሲወጣ እኔ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ የተረፈውን እጠጣለሁ። ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ ሳሙና ሳሙና ይላል።